የሰይድን መርዶ ማን ይንገራት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬም ደወለች፤ ዛሬም ዋሸኋት። «ሰይድ ደሴ ወርዷል፤ ለሳይክሉ ጎማ ሊገዛ» አልኳት። ጎማ! ስንት ውሸት እያለ ጎማ መረጥኩ። የሳይክሉ የፊት ጎማ ተጣሞ ትራፊክ ፖሊስ ግቢ ውስጥ ተጥሏል። ምላሴ እንዴት እዚያ እንደሄደ እኔም አላውቅም።

ፋጡማ ታላቃችን ናት። ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ሰይድ የሁላችን ታናሽ ነው። ነበር። «ነበር» ብሎ መጻፍ እጄን እምቢ ይለዋል።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ከዳቦ ቤት ዳቦ ጭኖ ወደ ሻይ ቤቶቹ ይሄድ ነበር። መናኸሪያው ፊት አንድ ሚኒባስ ቀደመውና ድንገት ወደ ቀኝ ታጥፎ ቆመ። ሻንጣ የያዘች ሴት እጇን አንስታ ኖሯል። ለአንድ ተሳፋሪ! ሰይድ ከነሳይክሉ ተላተመና ጭንቅላቱ የቦዩ ኮንክሪት ላይ አረፈ። ወደ ደሴ ይዘነው ስንሄድ መንገድ ላይ ያለችው አቀስታ ከተማ ሳንደርስ አለፈ። እጁን ይዤው ነበር። አንድም ቃል አልተናገረም። በዚያው ቀን ተመልሰን ቀበርነው።

ለፋጡማ ያልነገርናት መርዶ በስልክ ስለማይነገር ነው። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። የሰፈራችን ሽማግሌ ሼህ ሙሄ ቁርጡን ተናግረዋል፦ «ብቻዋን ላለች ሴት መርዶ አይነገርም። ራሷን ከፎቅ ብትጥልስ? ሰው ይፈለግላት።»

ሰው ተገኘ። ሀዋ የምትባል የጎረቤታችን ልጅ እዚያው ሪያድ ናት፤ ዓርብ ዓርብ ከአሠሪዎቿ ቤት ትወጣለች። ሌሎች ያገራችንን ልጆች ይዛ ሄዳ ትነግራታለች። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው ተባለ። ሆድ ይፍጀው ማለት ለሌላው ቀላል ነው። ስልኩ የሚጮኸው እኔ እጅ ላይ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እማ «ሂጂና ክፈቺ፤ ተዘግቶ ከከረመ አንዱ ደውሎ ለፋጡማ ያወራባታል» ስላለችኝ ልብስ ስፌት ቤቴን ከፈትኩ። የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ እንጂ አንድ ቀሚስ አልሰፋሁም። ስፌት ቤቴ አስፋልቱ ዳር ናት። ስንት ዓመት ፊቴን ወደዚህ መንገድ አዙሬ ስሰፋ ኖሬ ዛሬ ገና አየሁት።

አንድ የጭነት መኪና ሳይክል የሚነዱ ሽማግሌ ጆሮ ሥር ሲደርስ ጡሩምባውን ለቀቀው። ሰውየው ደንግጠው ሲወላገዱ ረዳቱ ራሱን በመስኮት አውጥቶ ሳቀ። ቆይቶ አንዱ የቆመ መኪና በሩን ከፍቶ አንዱን ሳይክለኛ ወደ መሀል አስገባው። አላህ ጠብቆት ከኋላ የመጣው መኪና ፍጥነት አልነበረውም። ደግሞ አንድ ባጃጅ ሳያይ ዞረና የአንዲት ተማሪ ሳይክል መሪ ላይ ተጠጋ። ልጅቱ እግሯን መሬት ላይ ጥላ ቆመች።

መቀሱን እንደያዝኩ ወጣሁ። ምን ላደርግበት እንደነበር አላህ ይወቅ። ባለባጃጁ መቀሱን ሲያይ እጁን አነሳ።

«እህቴ፣ ምን አጠፋሁ? ሳይክል ዳር ዳሩን ይሂድ!»

«ዳሩ ላይ እናንተ ቆማችሁ በየት ይሂዱ? በሰማይ?»

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «የሰይድ እህት ናት» ብሎ ሹክ ሲለው ባለባጃጁ ፊቱ ተለወጠ። ወርዶ «አፉ በይኝ» አለኝ። አፉ አላልኩትም፤ ይቅርታው ከየት ይምጣ። ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ጎን ያለችው ባለሱቅ ሻይ ይዛ መጣችና ያልሰማሁትን ነገረችኝ። ሐሙስ ዕለት ሰይድ ሲወድቅ ዳቦው አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሰዎች ግማሹ እሱን ሲያነሱ ግማሹ ዳቦውን እያነሱ፣ እየሳሙ፣ አጥሩ ላይ ደረደሩት። እንግዲህ ዳቦ አይረገጥም። መኪኖቹ ሁሉ ዳቦው ተነስቶ እስኪያልቅ ጸጥ ብለው ቆመው ጠበቁ አለችኝ። እሷ ደግነታቸውን መንገሯ ነው። እኔ ግን ጠየቅኳት፦ ለዳቦ የሚቆም ሾፌር ለባለዳቦው ለምን አይቆምም?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ፋጡማ እየሳቀች ደወለች። ለሰይድ ሄልሜትና የሚያበራ ሰደርያ ገዝታለታለች። አገር ከሚገባ ሰው ጋር ትልካለች።

«ደሞ አላደርግም ብሎ እንዳይሞጣሞጥ» አለች። «ባለሚኒባሶቹ እየገፉኝ ነው፣ አንድ ቀን ይጥሉኛል ያለኝ እሱ ራሱ ነው።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እዚህ ቤት በየማታው አብሮን ሲበላ አንድ ቀን አልነገረንም። «መንገዱን ገዝቼዋለሁ፤ እኔ ስመጣ መኪና ነው የሚሸሸው» እያለ ያስቀን ነበር። እኛን ቢነግረን ሳይክሉን እንደምናስጥለው ያውቃል። እሷ ሩቅ ናት፤ ልትከለክለው አትችልም። ፍርሃቱን ለሩቋ ነገረ፣ ቀልዱን ለእኛ ተወልን። ይኼን ሳስብ ቆየሁና ቂም ያዝኩበት። በሞተ ወንድሜ ላይ ቂም።

«ምነው ዝም አልሽ፣ ዘይንዬ?» አለችኝ።

«ኔትወርኩ ነው» አልኳት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው እያደር ከበደኝ።

ከሰዓት የሚኒባሱ ሾፌር አባት ከገጠር፣ ከማሻ መጡ፤ ሽማግሌዎች ይዘው። ልጃቸው ታስሯል። ደጃፉ ላይ ቆመው ግቡ እስኪባሉ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። ያረጀ ካፖርት፣ የጭቃ ጫማ፣ እንደኛው ድሃ የሆኑ ገበሬ ናቸው። ክፉ ሰው ሆነው ቢመጡ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ አላየሁትም ነው የሚለው፤ ወላሂ ቢያየው...» አሉ።

«ያን የሚያህል የዳቦ ሣጥን የጫነ ሰው አላየም? ሴትዮዋን ግን ከነሻንጣዋ ከሩቅ አያት!» አልኩ።

«ዘይነብ!» አሉ ሼህ ሙሄ። ወጣሁ። እማ ግን ለሰውየው ውሃ አቀረበችላቸው። የዕርቁ ነገር ገና ወደፊት ይታያል ተባለ። ይታያል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የዛሬውን እንዴት እንደምጽፈው እንጃ።

ሰይድ ከሞተ ሳምንቱ ነውና ለሰደቃው ሰው ቤታችንን ሞልቶት ነበር። ስልኩ ጠራ። ሳህን እያቀበልኩ ሳላስብ ነካሁት፤ ለካ በቪዲዮ ነው። ፋጡማ ቤቱን ሙሉ ሰው አየች። ስልኩን ወደ ግድግዳው ሳዞረው ዘግይቻለሁ።

«ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ሰው?»

«ዱዓ ነው» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

«የምን ዱዓ?»

ሼህ ሙሄ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉኝ። «ልጄ፣ መንገደኞቻችንን አላህ እንዲጠብቅልን ነው። አንቺንም ጭምር» አሏት።

ደስ አላት። ወላሂ ፊቷ በራ። «እንግዲያማ ሰይድንም በሉልኝ፣ አባባ! ያ ሳይክል ያስፈራኛል። አላህ ከመኪና ይጠብቀው በሉልኝ፤ እኔም ከዚህ አሚን እላለሁ።»

ሼህ ሙሄ፣ እኚያ ሐሰት የማያውቁ ሰው፣ እጃቸውን ከፍተው «ያ ረቢ፣ ሰይድን ጠብቀው» አሉ። «አሚን» አለ ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ። ከሁሉም አብልጣ «አሚን» ያለችው እማ ናት። ድምፅዋ እንዳይሰበር ጮኻ ነው ያለችው። ፋጡማም ከዚያ ማዶ «አሚን፣ አሚን» አለች። ስልኩ ሲዘጋ እማ ባለችበት ወደ ጎን ተዘረጋች። ውሃ አፈሰስንባት።

ሼህ ሙሄ ሲወጡ ደጃፍ ላይ «አላህ አፉ ይበለን» አሉኝ። ነገ ዓርብ ነው። ሀዋ ትሄዳለች። አንድ ቀን ብቻ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሀዋ አልሄደችም።

ጠዋት በድምፅ መልእክት ላከች። አሠሪዎቿ ጋ እንግዳ መጣ፤ ማዳሟ አትወጪም አለቻት። ለመጪው ዓርብ ትላለች። እያለቀሰች ነው የምትለው። ምን አደርጋታለሁ፣ እሷም የሰው እጅ ላይ ናት።

ያም ሳያንስ ቀትር ላይ የሰይድ ጓደኛ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ሳይክሉን ደግፎ የተነሳው ነው። ከሥሩ «አላህ ይዘንልህ ወንድሜ» ብሎበታል። ደውዬ ጮኽኩበት። ልጁ ደንግጦ ፎቶውን አጠፋው፤ ግን ስንቱ አይቶታል፣ ስንቱ ከሥሩ ጽፎበታል። ሼህ ሙሄን ላማክር ስሄድ ጁምዓ ላይ ናቸው። እማን ጠየቅኳት። «እኔ እንጃ ልጄ፣ እኔ እንጃ» ብቻ አለችኝ። ፋጡማ ሞቱን ከስልክ መስታወት ላይ ብቻዋን ከምታነበው ከእኔ አፍ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ቆረጥኩ።

የቃሉን አሰካክ ስለማመድ ነበር። መጀመሪያ ታሟል ልበላት፣ ከዚያ ጠንቶበታል፣ ከዚያ... የምሳ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ እንደወትሮዋ ደወለች።

«ዛሬስ ተመለሰ? አቅርቢልኝ።»

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋ። ከአፌ የወጣው «አጠገብሽ ሰው አለ?» የሚል ሆነ።

ያልኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እኛ አገር ተወልዶ ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

«እማ ናት?» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኖ የልጅ ሆኗል።

«አይደለችም። ይቺውና አጠገቤ ናት።»

«አናግሪኝ።»

እማ ስልኩን ይዛ «አለሁ ልጄ፣ አለሁ» አለች። ከዚያ በላይ አልቻለችም።

«እንግዲያ ሰይድ ነው» አለች ፋጡማ። አልጠየቀችንም። አንድ ነገር ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ፤ መስመሩም ተቋረጠ። ብደውል ብደውል አታነሳም።

ሼህ ሙሄ ከመስጊድ ሲመጡ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «የማይቀር ነው፤ አብሽሪ» አሉኝ። አብሽሪ! በምን ልበሽር፣ በምን ልጽናና?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አታነሳም። ሀዋም ሞከረች፤ ለእሷም አታነሳም። እማ እህል አልቀመሰችም። እኔ የማስበውን ለማንም አልተናገርኩም፦ ፎቁን፣ መስኮቱን፣ ማጽጃ ኬሚካሉን፣ ያንን የሰበረችውን ነገር። በአንድ ሳምንት ሁለቱን ካጣን ሁለተኛዋን የገደልኳት እኔ ነኝ እያልኩ ግቢውን ስዞር ዋልኩ።

ከሰዓት ስልኩ ጠራ።

«ዘይኑ» አለች። ድምፅዋ ተዘግቷል፤ ግን የሷው ነው። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ትናንት ወድቃ ስትጮኽ ማዳሟ አልነበረችም። ቤት ውስጥ የነበሩት የማዳሟ እናት ናቸው፤ መራመድ የማይችሉ፣ ፋጡማ የምታጥባቸውና የምታጎርሳቸው አሮጊት። ከአልጋቸው ሆነው ሲጣሩ ሄደች። ምን ሆንሽ አሏት፤ «ወንድሜ» ብቻ አለቻቸው። ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁርዓን ሲቀሩባት አደሩ። «እጃቸው ጸጉሬ ላይ ነበር» አለችኝ። እኚያን አሮጊት አላውቃቸውም፤ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

ከዚያ የፈራሁት መጣ።

«ሳይክሉን የገዛሁለት እኔ ነኝ። የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ሚኒባስ ነው የገደለው!» ብዬ ጮኽኩ። «ሾፌር ነው የገደለው፣ ፋጡዬ! ለአንድ ተሳፋሪ ብሎ!»

«ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት። እንደገና ድገሚልኝ አለች፤ እንደገና አልኩላት። ያመነችኝ አልመሰለኝም። ከጠዋቱ ጀምሬ ሁሉን ንገሪኝ አለች፤ ምን በልቶ እንደወጣ፣ ምን እንደለበሰ፣ ማን እንዳነሳው፣ ማን እንዳጠበው። ምንም ሳልደብቅ ነገርኳት። በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገርኩ፤ እውነቱም እንደ ውሸቱ አመመኝ።

እማ ስልኩን ወስዳ ሴቶቹ መሀል ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። እያንዳንዷ ወደ ስልኩ እያጎነበሰች «አላህ ያጥናሽ» አለቻት። ፋጡማ ከዚያ ሆና ስሙን እየጠራች አለቀሰች፤ ወንድሟን ከሰው ጋር አለቀሰች።

በዚያ መሀል ማዳሟ ስትጣራ ተሰማ። ፋጡማ በዐረብኛ መለሰችላትና ለእኛ «ዕቃ ላጥብ ነው፤ አትዝጉት» አለችን።

አልዘጋነውም። ይህን የምጽፈው እዚያው ሴቶቹ መሀል ተቀምጬ ነው። ውሃ ሲወርድ፣ ሳህን ከሳህን ሲጋጭ ይሰማናል። ውሃው ይዘጋና ታለቅሳለች፤ ሴቶቹም አብረው ያለቅሳሉ። ከዚያ ደግሞ ውሃው ይከፈታል። እማ ዓይኗን ከስልኩ አልነቀለችም። ባትሪው ሊያልቅ ነው፤ ቻርጀር ልፈልግ።