በእርምጃህ የተለካ መንገድ

ከቤታችን፣ ከአንተና ከእኔ ክፍል
እሁድ ከሰዓት በኋላ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲሆን የሚነሳብህ የወገብ ሕመም ተወህ ወይ? እንቅልፍስ ደህና ይወስድሃል? እኔ ደህና ነኝ። እናታችን ደህና ናት፤ አባታችንም ደህና ነው፤ ትንሿ እህታችንም ሁለት ጥርስ አውልቃ አንዱን አብቅላለች። የጎደልከን አንተ ብቻ ነህ፤ እሱ ደግሞ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ከሞትክ ስምንት ወር እንደሆነህ አውቃለሁ። የሞተን ሰው ጤና መጠየቅ ምን የሚሉት ነው ትለኝ ይሆናል። ግን አንተ መስክ ወጥተህ ስትቆይ የምጽፍልህ ደብዳቤ ሁሉ የሚጀምረው እንዲህ ነበር፤ ሌላ አጀማመር አላውቅም። "ወንድም ጋሼ" ማለቴንም ልብ በልልኝ። በስድስት ዓመት ስለምትበልጠኝ "ጋሼ በለኝ" እያልክ ስትለምነኝ፣ እኔ "መጀመሪያ ጢም አብቅል" እያልኩ ስከለክልህ ኖሬያለሁ። አሁን ያለ ክርክር ሰጥቼሃለሁ።

ዋናው ወሬዬ ይህ ነው፤ መንገዱን ሄድኩት። ያንን ሰባት ቀን የሚፈጀውን፣ ከባሕሩ ዳር ተነስቶ ተራራው ላይ የሚያልቀውን፣ ከቀያሾቹ ጋር ስትሠራ በእግርህ ለክተህ በደብተር የጻፍከውን። "ፈተናህን ስታልፍ አብረን እንሄደዋለን" ብለኸኝ ነበር። እኔ ፈተናዬን አለፍኩ፤ አንተ ሆስፒታል ገብተህ ሳትወጣ ቀረህ። ደብተሩ ሻንጣህ ውስጥ፣ ከሹራብህ ሥር ነበር። የትምህርት ቤት እረፍት ሲደርስ አወጣሁትና ለእናታችን "ልሄድ ነው" አልኳት።

ሳህን እያጠበች ነበር። አንዱን ሳህን ሦስት ጊዜ አጠበችው። ከዚያ "አንዱን ቀብሬ ሁለተኛውን ለገደል አልሰጥም" አለችና ወሬው አለቀ። ሦስት ቀን ተኮራረፍን። በአራተኛው ቀን አባታችን መሃል ገብቶ አስታረቀን፤ እሷም በአንድ ነገር አስራ ፈቀደች። አጎታችን አብሮኝ እንዲሄድ፣ እሱ ከተመለሰ እኔም እንድመለስ። እሺ ብዬ ቃል ገባሁ። በልቤ ደግሞ ሰባቱንም ቀን ሳልጨርስ ላልመለስ ወስኜ ነበር። ሁለቱ ሊጋጩ እንደሚችሉ ያኔ አልታየኝም።

አጎታችንን ታውቀዋለህ፤ ሃያ ዓመት ከባድ መኪና ሲነዳ ከጋቢና የሚወርደው ለምሳ ብቻ ነው። ለጉዞው አዲስ ጫማ አድርጎ መጣ። የመጀመሪያው ቀን እስከ ባሕሩ ድረስ በአውቶቡስ ስለነበር ደስ ብሎት ዋለ። ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጦ "አሁን ማርሽ ቀንስ፣ ፍሬን አታብዛ" ሲለው፣ ሾፌሩ መጨረሻ ላይ መኪናውን ዳር አቁሞ "አባቴ፣ ከፈለጉ ይምጡና ይያዙት" አለው። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ አልተናገረም። ባሕሩ ሲታይ ደግሞ ሁለታችንም ከመቀመጫችን ተነሳን። ያን ያህል ሰፊ እንደሆነ አልነገርከኝም። ደብተርህ ላይ ያለው "ነፋሱ ከግራ ነው፤ ኮፍያ ይታሰር" የሚል ብቻ ነው።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን በባሕሩ ዳር ተጓዝን። አንተ እንዳስተማርከኝ ቀኝ ኪሴን በጠጠር ሞላሁ፤ መቶ እርምጃ በሄድኩ ቁጥር አንድ ጠጠር ወደ ግራ ኪሴ አዛውራለሁ። ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ቦታ ስንደርስ፣ መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ኪሴን አይተው ሳቁ። "ከሁለት ዓመት በፊትም እንዳንተ ጠጠር ተሸክሞ የሚሄድ ልጅ መጥቶ ነበር" አሉኝ። ወንድሜ እንደሆንክ ስነግራቸው፣ ማዕበል ጉልበትህ ድረስ መጥቶ ቁጥሩ እንደጠፋብህ፣ ከነእርጥብ ሱሪህ እስከ መነሻህ ተመልሰህ እንደ አዲስ መቁጠር እንደጀመርክ አጫወቱኝ። "ገምተህ ጻፈው፣ ማን ያይሃል ስለው፣ እኔ አየዋለሁ አለኝ፤ ደረቅ ልጅ ነው፤ እንዴት ነው ለመሆኑ?" አሉ። ማረፍህን ነገርኳቸው። መረቡን ከጭናቸው ላይ አውርደው ተነስተው ቆሙ። ደብተሩ ላይ ቁጥሩ እንጂ ተመልሰህ መቁጠርህ የለም። ይህን ያወቅኩት ከሳቸው ነው።

አራተኛው ቀን ላይ ጠፋን፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ባሕሩን ለቀን ወደ ሸለቆው ስንገባ ያለው ጽሑፍህ እንዲህ ይላል፤ "ከድንጋዩ ድልድይ 6,200 እርምጃ። ሁለት ቋጥኝ። በመካከላቸው ወደ ቀኝ።" ቆጠርኩ። ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ላይ ስደርስ ሁለት ቋጥኞች ነበሩ፤ በመካከላቸውም ቀጭን ዱካ ነበረች። ምንም ሳልጠራጠር ገባሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሽቅብ ወጥተን ዱካው ገደል አፋፍ ላይ አበቃ።

አጎታችን ቁልቁል ተመለከተና "ወንድምህ ይሄን ሲቆጥር እንቅልፍ ወስዶት ነበር እንዴ?" አለ። ደሜ ፈላ። "እሱ አይሳሳትም" አልኩት። "እንግዲያው ገደሉን እዚህ ያስቀመጥኩት እኔ ነኛ" አለና ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ። እኔ ቆሜ ደብተሩን ደጋግሜ ሳነብ፣ እሱ ዓይኑን እግሮቼ ላይ አድርጎ ቆየ። የለበስኩት ያንተን ሱሪ ነበር። ቁርጭምጭሚቴን አይሸፍንም።

"ስማ" አለኝ። "መኪና ላይ ከልኩ የሚበልጥ ጎማ ከገጠምክ ቆጣሪው ይዋሽሃል። አምስት ነው የሄድከው ሲልህ አንተ ስድስት ሄደሃል። ቆጣሪው አልተበላሸም፤ ጎማው ነው የተቀየረው። አንተ ልጅ፣ ጎማህ አድጓል።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ እርምጃው ግን ያንተ ነው። እኔ በረዘመ እግር ቆጥሬ መታጠፊያውን አልፌዋለሁ። ሱሪህ ሲያጥረኝ በእጥበት የገባ ነበር የሚመስለኝ፤ እኔ ረዝሜ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ድንክዬ ስትለኝ ትከሻህ ላይ እንኳ አልደርስም ነበር። እንድበልጥህ ሆን ብዬ ያደረግኩት ነገር ባይኖርም፣ በልጬህ ስገኝ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አጎታችን ካልሲውን አራገፈ።

ስንመለስ ትክክለኛዎቹን ቋጥኞች በቀላሉ አገኘናቸው። አጎታችን "ይኸው፣ እንግባ" ሲል እኔ አልገባም አልኩ። እሱን ጥላ ሥር አስቀምጬ እስከ ድልድዩ ተመለስኩና ከዚያ እስከ ቋጥኞቹ በራሴ እግር ቆጠርኩት። 5,580 ሆነ። ስለዚህ ያንተ አሥር የእኔ ዘጠኝ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቁጥሮችህን በሙሉ በዚህ አሰላሁና እያንዳንዱ ሥር የእኔን በእርሳስ ጻፍኩ። ያንተን አልሰረዝኩም። በሒሳብ ሃምሳ አምጥቼ የሳቅክብኝን አስታውሰህ ከሆነ፣ አንድም ቦታ አልሳትኩም።

አምስተኛውንና ስድስተኛውን ቀን ተራራውን ወጣን። ጉሙ ፊት ለፊት ያለውን ሰው እንኳ ያሳጣል። ስድስተኛው ቀን ላይ የአጎታችን ጉልበት አበጠ። "ፍሪሲዮኑ አልቋል" አለኝ። "ማርሹ ይገባል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይንቀሳቀስም።" ደግፌው ያንተ ቆጠራ የሚያበቃበት ማረፊያ ቤት ደረስን። የማረፊያ ቤቱ ባለቤት የሆነችው ሴትዮ ጉልበቱን ገና ስታየው በማግስቱ ዳቦ ይዞ በሚመጣው መኪና መውረድ እንዳለበት ነገረችው። እሱ ከተመለሰ ደግሞ እኔም መመለሴ ነው።

የሰባተኛውን ቀን ገጽ ታስታውሰዋለህ። ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው። "ከዚህ በላይ እኔም አልሄድኩበትም። አብረን እናየዋለን።"

ተደብቄ መሄድ እችል ነበር፤ አሰብኩትም። ግን ለእናታችን ዋሽቼ የማየው ነገር ያንተ እንደማይሆን አወቅኩ። ስልክ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጉልበቱን፣ ገጹን፣ የጻፍከውን ቃል በቃል። ዝም አለች። ዝምታዋ ከመርዘሙ የተነሳ አጎታችን መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን ነጥቆኝ "ሃሎ" ሲል፣ "አለሁ፣ አንተ ዝም በል" አለችው። ከዚያ የማረፊያ ቤቱን ባለቤት አቅርቡልኝ አለች። ሴትዮዋ መንገዱ በድንጋይ ክምር ምልክት እንደተደረገበት፣ የስልክ ማማውን የሚጠብቁ ሠራተኞች በየቀኑ እንደሚመላለሱበት፣ ከአፋፉ ወዲያ አውቶቡስ እንዳለ አስረዳቻት። በመጨረሻ ወደ እኔ ተመለሰች። "ዝናብ ከጣለ ትመለሳለህ" አለችኝ። "ካልጣለ ቃልህን መልሼልሃለሁ። እኔም ምን እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ።" ቀጥላ አጎታችንን አስጠርታ ሆን ብሎ ጉልበቱን ያሳበጠ ይመስል ስትቆጣው ቆየች።

ሰላምታ ሳላደርስ እንዳልቀር። እናታችን ሰላም ብላሃለች፤ ካፖርትህን ለሰው ልትሰጥ ሁለት ጊዜ አውጥታ ሁለት ጊዜ መልሳ ሰቅላዋለች፤ አትቸኩዪ አልኳት። አባታችን ሰላም ብሎሃል፤ ብዙ አይናገርም፣ ግን ከጉዞው ስመለስ ደብተሩን ተቀብሎኝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ጽሑፍህ ቆንጆ ነው አለ። ትንሿ ሰላም ብላሃለች፤ አልጋህን እንደወሰደች እንድነግርህና እንዳትቆጣ ብላለች፤ ስትተኛ ልክ እንዳንተ ትራገጣለች። አጎታችን እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ "ያን ጠጠር ቆጣሪ ሰላም በልልኝ፤ ሁለተኛ መንገድ ሲመርጥ መኪና የሚገባበትን ይምረጥ" ብሏል። መረብ ጠጋኙ ሽማግሌም ስምህን ጠይቀው ይዘዋል።

እንግዲህ የቀረኝ የዚያ ጠዋት ነገር ነው። ስነሳ የዳቦው መኪና ሄዷል፤ የአጎታችን አልጋ ባዶ ነበር። ከእናታችን ማህፀን ከወጣሁ ጀምሮ ሌላ ሰው በሌለበት ክፍል ስነቃ የመጀመሪያዬ ነው። ትንሽ ጋደም ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ ተነስቼ ሁለቱንም አልጋዎች አነጠፍኩ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤ ወጥቼ ሰማዩን አየሁት። ዝናብ የለም። ዳቦና እንቁላል ቀረበልኝና ጨረስኩት። ጨርሼም ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ቀረሁ። ሴትዮዋ ሰሃኑን ልታነሳ መጥታ "የምትጠብቀው ሰው አለ?" አለችኝ። ትንሽ አሰብኩና "የለም" አልኳት፤ ተነሳሁ።

ከድንጋይ ክምር ወደ ድንጋይ ክምር እያየሁ ወጣሁ። ሁለት ቦታ ላይ ጉሙ ሸፈነኝና እስኪገለጥ ቆሜ ጠበቅኩ። አራት ሰዓት ሲሆን አፋፉ ላይ ደረስኩ። ማማው ሥር ሁለት ሠራተኞች ሽቦ እየጠቀለሉ ነበር፤ እጃቸውን አነሱልኝ፣ እኔም አነሳሁ። ከወዲያ ያለው ሌላ ተራራ ነው። ከእሱም ወዲያ ሌላ፣ ከእሱም ወዲያ የደበዘዘ ሌላ። በመካከላቸው አንድ ወንዝ፣ ወንዙ ዳር አውቶቡሱ የሚቆምበት አስፋልት። ለአንድ ሰው ላሳይ ዞር ብዬ ነበር። ከኋላዬ ነፋስ ብቻ ነው ያለው። ለእናታችን እንድነግራት አንድ በአንድ አየሁት፤ የወንዙን መታጠፊያ፣ የተራሮቹን ብዛት፣ የትኛው ፀሐይ እንዳገኘው። አውቶቡሱ የሚነሳው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለነበር ብዙ አልቆየሁም። የጫማዬን ማሰሪያ አጠበቅኩና በዚያኛው በኩል መውረድ ጀመርኩ።