የወዘና ማስታወቂያ በእኔ ሳሎን

ኅዳር 5 ቀን 1974፣ ቅዳሜ

ሳሎኔ ዛሬም የቀበሌ አዳራሽ ሆኖ ዋለ። በሰፈሩ ያለው ቴሌቪዥን የእኔ ብቻ ነው። ለልጆች ፕሮግራም የኮልፌ ልጅ ሁሉ ከነእናቱ ይጎርፋል። ባለቤቴ ሸዋገነት በር መዝጋት አይሆንላትም። «ጎረቤት እኮ ነው...»

መሃል ላይ ያ «ወዘና» የሚሉት ቀይ ሽሮፕ መጣ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውዬ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ «ለልጅዎ ደም! ለልጅዎ ጉልበት!» ይላል። ሐኪም ነው? ጋዋኑ እንኳ ልኩ አይደለም። ልጆቹ ቀድመውት በአንድ ድምፅ አሉት። ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ብል ግን... ጣታቸውን ይቆጥራሉ።

መሥሪያ ቤት፣ ላቦራቶሪያችን ውስጥ፣ በእጄ መርምሬዋለሁ። ስኳር፣ ቀለም፣ ጥቂት አሲድ። ደም የሚመስለው ቀለሙ ብቻ ነው።

ኅዳር 7፣ ሰኞ

አባል የሆንኩበት የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ያዘዘኝን የመመሪያ ረቂቅ ጨረስኩ። በልጆች ሰዓት የጣፋጭ ማስታወቂያ አይተላለፍ። ሐኪም ያልሆነ ጋዋን አይልበስ። ያልተመረመረ የጤና ወሬ አይነገር። አሳጠርኩት። ኮሚቴው ከአንድ ገጽ በላይ ማንበብ ያመዋል።

ኅዳር 9፣ ረቡዕ

ሰብሳቢው ጓድ ደመቀ መነጽሩን አወለቀ።

«ጓድ ቀለመወርቅ፣ ፋብሪካው የማን ነው?»

«የመንግሥት።»

«መንግሥትስ?»

«የሰፊው ሕዝብ።»

«ታዲያ ሰፊው ሕዝብ የገዛ ልጁን ይመርዛል?»

ሳቁ። ያጨበጨበም አለ! ስኳር ስለተወረሰ ጥርስ መብላቱን አይተውም አልኩ። ሳቁ ቆመ። በሚቀጥለው ስብሰባ ግለሂስ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። ስለ ሽሮፕ ግለሂስ! ረቂቁ «ለጥናት» ተመራ። ወደ መሳቢያ ማለት ነው።

ኅዳር 11፣ ዓርብ

ከጦር ኃይሎች በውይይት ታክሲ መጥቼ ስወርድ ጎረቤታችንን ዘመነችን አገኘኋት። ልጇን ብርቱካንን አዝላለች። ልጅቷ ዓመት ከመንፈቋ ነው... እግሯ ግን እንደ እርሳስ ቀጥኗል። ከንፈሯ ዙሪያ ቀልቷል።

«ምን ነካት?»

«ተቅማጥ፣ ጋሼ። ምግብ እምቢ አለች። ግን ወዘናውን ጠዋት ማታ እሰጣታለሁ። ወተቱን ትቼ እሱን ነው የምገዛላት።»

«ማን ስጪ አለሽ?» ጮኽኩ መሰለኝ፣ መንገደኛው ዞረ።

«እርስዎ ቤት አይደል ያየሁት? የተማረ ሰው ቤት... መጥፎ ቢሆን ጋሼ ያጠፉት ነበር ብዬ።»

ጋዋኑ አይደለም ያሳመናት። እኔ ነኝ።  ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ። ነርሷ ልጅቷን አይታ ዘመነችን ተቆጣች። እኔን መቆጣት ነበረባት።

ኅዳር 12፣ ቅዳሜ

ማስታወቂያው ሲመጣ ድምፁን ዘጋሁት። ልጆቹ በቃላቸው ሞሉት! ተነሥቼ «ስኳርና ቀለም ነው!» አልኩ። «ጋሼ ደግሞ!» ብለው ሳቁብኝ። ቴሌቪዥኑን ልሽጠው?

ኅዳር 16፣ ረቡዕ

ግለሂሴን አቀረብኩ። «ጥፋቴ ቴሌቪዥን መግዛቴ ነው። የጎረቤቴ ሕፃን በሳሎኔ ምክንያት ታማ ተኝታለች።»

«ይኼ ግለሂስ ነው ወይስ ሂስ?» አለ ደመቀ።

ሆኖም የሕፃኗ ነገር አስፈራቸው። ማስታወቂያው ከልጆች ሰዓት ወጥቶ ከማታው ዜና በፊት እንዲሆን ወሰኑ። ልጅ ዜና አያይማ! የእኛን ሰፈር ልጆች ከዜና በፊት ማን እንደሚያስወጣቸው ይንገሩኝ። ተቃወምኩ። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ተጻፈ። ከኮሚቴውም ተነሣሁ።

ኅዳር 19፣ ቅዳሜ

ብርቱካን ቁጭ አለች። የአጃ ገንፎ ትውጣለች።

ኅዳር 26፣ ቅዳሜ

ከዜናው በፊት ወዘና ብቅ አለ። ልጆቹ አንድም አልወጡም፤ ምን ብዬ ነበር? ደክሞኝ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ዘመነች ግን ብርቱካንን ታቅፋ ተነሣችና ድምፁን ዘጋችው።

«ዝም በሉ እስቲ፣ እናንተ! ጋሼ ይናገሩ።»

ምን ልበል? ያንኑ ደገምኩት። ስኳር፣ ቀለም፣ ጥቂት አሲድ። በዚህ ዋጋ ስንት ወተት እንደሚገዛ ነገርኳቸው። አንዷ እናት «ታዲያ ለምን ደም ይሆናል ይላሉ?» አለች። በዚያ ሁሉ ስብሰባ ይህን የጠየቀ አንድ ጓድ አልነበረም።

ሰው ሲበተን ዘመነች ወደኋላ ቀረች። ከነጠላዋ ጫፍ አንድ እሽግ ብስኩት ፈታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

«ይኼ ደግሞ አዲስ መጥቷል፣ ጋሼ። ገና አልሰጠኋትም። መጀመሪያ ይመርምሩልኝ።»