የቁልቋሉ ወተት

ሐምሌ 8፣ ጠዋት
መስኮቱ ላይ ያለው ካክተስ ዛሬም ዘንበል ብሏል። ግርጌው ቢጫ ነው፣ ሲጫኑት ይሰረጉዳል። በከተማችን በንፋስ መውጫ ክረምት ፀሐይ የለም፤ እናቴ ግን ሳታቋርጥ ታጠጣዋለች። ወንድሜ ሳይሞት የሰጣት ነው። ተክሉ እንዳይሞትባት እሰጋለሁ። የተክሉን ስም በስልኬ ልፈልግ ብል ኔትወርክ የለም። ጎረቤታችን ሐጂ ኢብራሂም መጥተው አዩት። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ግቢያቸው አበባ በአበባ። ውሃ በዝቶበት ነው፣ የበሰበሰውን ቆርጣችሁ ጤነኛውን አድርቃችሁ ትከሉት አሉን።

ሐምሌ 9፣ ከሰዓት
ደብተሬ፣
ቆረጥኩት። እናቴ የተተከለበትን ጣሳ ይዛልኝ ነበር። ነጭ ወተት እጇ ላይ ፈሰሰ። ያኔ ገባኝ፦ ካክተስ አይደለም፣ ካክተስ ወተት የለውም። አጥር ላይ የምናውቀው፣ ወተቱ ዓይን የሚያጠፋው የቁልቋል ዘመድ ነው። ፊትሽን እንዳትነኪ ልላት ስል ዓይኗን በእጇ ጠረገች። ቀኙን። ግራውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል።
አልጮኸችም። «በርበሬ ገባብኝ» ብቻ አለች።
በጀሪካን ውሃ አጠብኳት። አበጠ፣ ተዘጋ። ባጃጅ። ጤ/ጣቢያ። ሲስተሯ ደጋግማ አጥባ፣ ቅባት አድርጋ ሸፈነችው። ካልተሻላት ደ/ታቦር ሆስፒታል ትሄዳለች አለች። ታያለች ወይ ብላት፣ ዛሬ ምንም ማለት አይቻልም አለችኝ።

ሐምሌ 10፣ ማለዳ
እንቅልፍ የለም። እናቴ ግድግዳ እየዳሰሰች በር ድረስ ሄደች። እኔን ታጽናናኛለች። ባታይስ? እንዲደርቅ ያስቀመጥኩትን ቁራጭ አውጥቼ ልጥለው ተነሳሁ፤ መንካቱን ፈራሁ።

ሐምሌ 10፣ ከሰዓት
ጤ/ጣቢያ ተመልሰን ጨርቁ ተፈታ። እናቴ ብርሃን እንጂ ሰው አይታየኝም አለች። ጉዳቱ ላይ ላዩን ነው፣ ሊጠራ ይችላል ተባልን። ጠብታ ሰጡን። «ይችላል» የሚለው ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ሐምሌ 13
ቁርስ ላይ ቀና ብላ አየችኝ።
«ሹሩባሽ ተፈቷል» አለች።
ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

ሐምሌ 16፣ ከሰዓት
የቁራጩ አፍ ደርቆ ጠግጓል። ቆሻሻ ጉድጓድ ልከተው ነው አልኳት። አትጥይው አለች፣ ከልጄ የቀረኝ እሱ ነው። እፈራለሁ አልኩ። እኔም እፈራለሁ አለች። ተስማማን፦ ከቤት ይወጣል። ዝናብ በማያገኘው ጥግ፣ አሸዋ ላይ። የምነካው እኔ ብቻ፤ እሷ ከሩቅ ታየዋለች።
ጓንት ከሲስተሯ ለምኜ አምጥቻለሁ። እናቴን ጓዳ ግቢ አልኳት። ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችም። አሁን ልተክለው ልወጣ ነው።