ከጀርባዬ አትምጪ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ጀመረልሽ ወይስ አሁንም እየረገምሽው ነው የምትወጪው? ባለቤትሽ ጋሼንስ ያ ሳል ለቀቃቸው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ያቺ ሁሉን የምታውቅ የታችኛዋ ጎረቤትሽስ? እኔና ባለቤቴ በጤና አለን። በጤና አለን ስልሽ አልታመምንም ማለቴ ነው፤ የቀረውን ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ብዬ ደጋግሜ ደውዬልሽ ነበር። አንቺ ግን ስልክ ስታነሺ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ትለቂዋለሽ፤ እኔ አንዲት ቃል ስተነፍስ ከወጥ ቤት እስከ በረንዳ ያለው ሰው በሙሉ ይመልስልኛል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ ለጋሼ ብታነቢላቸው ግን አልቀየምም።

ባለፈው “ቀኑን አልነግርህም፤ አንድ ቀን ሱቅህ ውስጥ ዱብ እልብሃለሁ” ብለሽ ስትስቂ እኔም አብሬሽ ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ግን ላብ አጠመቀኝ። እታለም፣ በሞቴ፣ ዱብ አትበይብኝ። የምትመጪበትን ቀን ንገሪኝ፤ ስትገቢም ከደጅ ጀምረሽ ስሜን ጥሪ። እንደ ልጅነታችን ከኋላዬ መጥተሽ ዓይኔን ሸፍነሽ “ማን ነኝ?” እንዳትዪኝ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

የወርቅ ሥራችንን ታውቂዋለሽ። ብርሃን ስለምንፈልግ ጠረጴዛችን መስኮቱ ሥር ነው፤ ጀርባችን ወደ በሩ ነው። ጥቃቅኗን ነገር ስንበይድ አጉሊ መነጽር ግንባራችን ላይ አስረን፣ ቀጭኗን ቧንቧ አፋችን ላይ አድርገን፣ እሳቱን በትንፋሻችን እንገፋዋለን። ትንፋሽ ከተቋረጠ ብየዳው ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ሰው ቢገባም አንዞርም፣ ቢጠራንም አንመልስም። ደንበኞቻችን ይህን ስለለመዱ ወንበር ስበው ዝም ብለው ይጠብቁናል።

አጠገባችን ባለው ሱቅ የሚሠራውን አንጥረኛ በጠራራ ፀሐይ፣ ልክ ቧንቧውን አፉ ላይ እንዳደረገ፣ ከኋላው ገብተው አንገቱን አነቁት። ሱቁን ሙልጭ አድርገው ወሰዱ። ነፍሱ ተርፋለች፤ ድምፁ ግን አልተመለሰም። ያ በሳቁ መንገዱን የሚያደምቅ ሰውዬ እስከ ዛሬ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

ነገር ሁሉ ስለሚመዝን “ሚዛን” የምንለው አለቃዬ ከዚያ በኋላ ፈቃድ አስወጥቶ አፈሙዟ አጭር የሆነች ሽጉጥ አመጣልኝ። የፊት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሰው ይታጠቃታል፣ መንገድ ላይም አይለያትም አለ። የሚያስተምረኝም ጡረታ የወጣ አምሳ አለቃ ጠራልኝ። መዳፌ ላይ ሲያስቀምጣት የኪስ መብራት እንኳ አታክልም። “ይቺን ደግሞ ማን ይፈራታል?” ብዬ ስጠይቀው ሳቀብኝ።

“ይቺ ለማስፈራራት አይደለችም፤ ለጦር ሜዳም ለአደንም አይደለችም” አለኝ። “ሩቅ ላለ ሰው እግር አለህ፣ በር አለህ፣ ጩኸት አለህ። ይቺ ያ ሁሉ አልቆ ሰውየው እጁን አንተ ላይ ሲያሳርፍ ናት።” ያጠረችውም ለዚሁ ነው፤ ስትወጣ ልብስ እንዳይዛት፣ አጠገብሽ የደረሰ ሰውም አፈሙዟን ጨብጦ እንዳይነጥቅሽ። ከአንድ ክፍል ስፋት ለራቀ ሰው ግን ጫማህን ብትወረውርበት ይሻላል አለኝ። አንድ ነገር ደግሞ እስኪሰለቸኝ ነገረኝ፤ “መጀመሪያ ዓይን፣ ከዚያ እጅ። ለይተህ ያላየኸው ሰው ላይ እንዳታወጣት።” እሺ አልኩት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ከታጠቅኳት በኋላ ልቤ የሚያርፍ መስሎኝ ነበር። ጭራሽ ቀልቤ አልረጋ አለ። ሰው በቀረበኝ ቁጥር እጄ ወገቤን ይፈልጋል። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠውን ሰው ኪሱን ነው የማየው። ፀጉር ቆራጩ ከኋላዬ ሆኖ ማጅራቴን ሲነካኝ ብድግ ብዬ ወጣሁ፤ ግማሽ ራሴን ተላጭቼ ነው ቤት የገባሁት። ባለቤቴ “ይሄ ደግሞ የምን ፋሽን ነው?” ብላ የቀረውን በመቀስ ጨረሰችልኝ። ያን ቀን ተሳስቀን ነበር። አስቢው እስኪ፤ ይህ መሣሪያ የተሠራው ለቀረበ ሰው ነው። እኔን የሚቀርበኝ ደግሞ ማን ነው? ሌባ በዕድሜዬ አንዴ ቢቀርበኝ ነው፤ በየቀኑ የሚቀርቡኝ የምወዳቸው ሰዎች ናቸው።

አንድ ቀን ባለቤቴ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ያንቺን ዓይን የመሸፈን ጨዋታ ስንጋባ ስለነገርኳት የራሷ አድርጋዋለች። ቧንቧው አፌ ላይ ነበር። ከኋላዬ መጥታ ከነመነጽሩ ዓይኔን ሸፈነችኝ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ወንበሩ ሲወድቅ ሰምቻለሁ። በአጉሊ መነጽር ከስንዝር ያለፈ ነገር ሁሉ ጭጋግ ነው። ፊት አላየሁም፣ ሰው አላየሁም። ያየሁት አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ነው፣ ሰሃን አክሎ። የሽጉጧ አፈሙዝ ከቁልፉ ሥር ጨርቁን ነክቷል። ነጭ ቁልፍ ነው፣ በአረንጓዴ ክር የተሰፋ። ያን ቁልፍ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ነጭ ክር አጥቼ በአረንጓዴ ስሰፋላት ስትስቅብኝ ነበር። ያወቅኳት በሱ ነው። ጣቴ የት ላይ እንደነበረ አትጠይቂኝ።

አልጮኸችም። ቀስ ብላ “እኔ እኮ ነኝ” አለች። ምሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አላነሳችብኝም። ግን ቤት ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል ስትመጣ ትስላለች። ጉንፋን የያዛት መስሎኝ ሽሮፕ ልግዛልሽ ወይ አልኳት። “አላመመኝም፤ እየመጣሁ መሆኔን እንድታውቅ ብዬ ነው” አለችኝ። በገዛ ቤቷ፣ የማያውቃት ውሻ ያለበት ግቢ እንደምትገባ ሰው፣ ከፊት ለፊት እጇን እያሳየች ነው የምትቀርበኝ።

ደብዳቤውን እዚህ ድረስ ጽፌ ኪሴ ከትቼው ነበር። ዛሬ ጠዋት ሽጉጧን ለሚዛን መለስኩለት፤ የሆነውንም አልደበቅኩትም። እንደ ልማዱ ብዙ ካሰበ በኋላ ያለ እሷ የፊት ጠረጴዛ ላይ እንደማያስቀምጠኝ፣ ነገ አንገቴን ቢያንቁኝ ጦሱን እንደማይችለው ነገረኝ። ልፈርድበት አልችልም። አሁን ከመስኮቱ ተነስቼ ጓዳ ገብቻለሁ፤ ሌሎች የሠሩትን አወለውላለሁ። ይቆጨኛል፣ አልዋሽሽም። ቅድም የጎረቤቴን ሹክሹክታ ስሰማም ተሳስቼ ይሆን አልኩ።

ከመለስኳት በኋላስ አረፍኩ? አላረፍኩም። ምሳ ስንበላ አንዱ ባልደረባዬ ጨው አቀብለኝ ብሎ ከኋላ ትከሻዬን ነካኝ። እጄ ወገቤ ላይ ደርሶ ያገኘው ቀበቶዬን ነው። ባልደረባዬ አላየም፤ ጨውን በሌላኛው እጄ አቀበልኩት።

ጋሼን ጉልበታቸውን ሳም አድርጊልኝ፤ ሳሉ ካልተዋቸው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ እንጂ እዚያ ሆነው አይከራከሩኝ። ትልቁን ልጅሽን አይዞህ፣ ፈተና ያልፋል በይልኝ። ትንሿን ሁለት ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ የጠየቀችኝ የጆሮ ጌጥ አልተረሳም። ለታችኛዋ ጎረቤትሽም ሰላምታዬን አቅርቢ፤ የዚህን ደብዳቤ ነገር ግን እንዳታሰሚያት።

ስትመጪ እንዲህ እናድርግ። ቀኑን ንገሪኝ። መጀመሪያ ከፊት ለፊቴ ነይና እቀፊኝ፣ በደንብ ልይሽ። ከዚያ ዞረሽ ከኋላዬ ቁሚና እንደ ድሮው ዓይኔን ሸፍኚኝ። እኔ ሁለት እጆቼን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ላለመንቀሳቀስ እሞክራለሁ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ትየን። ከቻልኩ፣ ቀጥሎ ተራው የሷ ነው።

ናፋቂሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከወርቅ ቤቱ ጓዳ፣ ሰኔ 9 ቀን