ቶሎ ያለቀው ባክአፕ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት።

አሁንም እየላከ ነው። ዓርብ የጀመርኩት ባክአፕ ግማሽ አልደረሰም። መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ይቆረጣል፣ እንደገና ከመጀመሪያው። አንተ ደብተር ነህ፣ አይገባህም። አንተ ላይ የተጻፈ አንዴ ተጻፈ ነው። እኔ ግን ጀጎል፣ ሸዋ በር አጠገብ፣ ቢሯችን ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ታች የሚኒባስ ረዳቶች ሲጣሩ እየሰማሁ፣ የመ/ቤታችንን ክምችት አ.አ. ወዳለው ሰርቨር እገፋለሁ። የሽማግሌዎች ድምፅ፣ የእጅ ሥራ ፎቶ፣ የሰርግ ዘፈን። ኮምፒውተሩ ጢም ብሏል። የመቅጃውም ካርድ እንዲሁ። ሐሙስ ትልቅ ስብሰባ አለ፣ እንድቀዳው ታዝዣለሁ። በምን ላይ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከሰዓት።

ዘዴው ተገኘ። ለካ በተቋረጠ ቁጥር ድሮ የተላከውን ሁሉ መልሶ ያገላብጣል። ካለፈው ዓመት ወዲህ የተቀዳውን ብቻ ላክ፣ የቆየውን እለፍ አልኩት። ዋይፋዩን ትቼ በገመድ አገናኘሁ። ሌሎቹን ኮምፒውተሮች ከመስመር አስወጣሁ፤ ልጆቹ አጉረመረሙ። በረረ። ከምሳ በፊት አለቀ፣ አረንጓዴ ምልክት።

ዳዊት ከአ.አ. ደወለ፤ ሰርቨሩ በእሱ እጅ ነው። እኔ እዚህ ከፍቼ እስካረጋግጥ ምንም እንዳታጠፊ አለ። እሺ አልኩት። እሱ የሚያረጋግጠው ሲመቸው ነው፣ የእኔ ስብሰባ ሐሙስ ነው። ኮምፒውተሩንም ካርዱንም ባዶ አደረግሁ። ኮራሁ፣ አልደብቅህም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14።

ሽማግሌው አው ሙኽታር ታመዋል። ስትሮክ ነው አሉ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጀጎል ገብቼ ጠየቅኋቸው። ነደባው ላይ፣ ከፍ ያለው የቤቱ መደብ ላይ፣ ትራስ ተደግፈዋል፣ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተጥሏል። አወቁኝ። ሊናገሩ ፈለጉ፣ የወጣው ድምፅ ብቻ ነው። ሐኪሙ ንግግራቸው ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል ብሏል። አልሃምዱሊላህ፣ ነፍሳቸው አለች።

እኒህ ሰው ቁርአን ጠራዥ ናቸው። ክረምቱን ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ቀድቻቸዋለሁ። ቆዳው እንዴት እንደሚለፋ፣ ቆዳው ላይ ጌጥ የሚያትመው ማኅተም ሲሞቅ እንዴት እንደሚጫን፣ ሙጫው ምን ምን እንደሚገባበት። ለወንድ ልጆቻቸው ያልነገሩትን ለእኔ መቅጃ ነገሩት። ልጆቹማ አንዱም አልጠየቃቸውም።

መሥሪያቸው ላይ የመስጊድ ቁርአን በግማሽ ቀርቷል። ልጃቸው ኢክራም ስፌቱን ትችላለች፣ ሙጫውን ግን አታውቅም። ያንን ቅጂ አምጪልኝ አለችኝ። ደግሞም የአባቴን ድምፅ ልስማው አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ሰኞ ኢንሻአላህ አልኳት። ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት። ለአንድ ጊዜ እንኳ ሥራዬ ለሰው ሊጠቅም ነው ብዬ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17።

የለም።

ዳዊት ሰርቨሩን አገላበጠ። ፎቶው አለ፣ ዘፈኑ አለ፣ የአው ሙኽታር አንድም የለም። አልተላከም። ለምን እንደሆነ ያገኘሁት እኔው ነኝ። መቅጃው ባትሪ ሲቀየርለት ቀን ይጠይቃል። ክረምቱ ሲገባ፣ በመጀመሪያው ቀን እሳቸው ፊት ቁጭ ብዬ፣ እኛ የምንቆጥረውን ዓመት ሞላሁ። ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። በሂጅራ፣ ሺህ አራት መቶ ምናምን ብለው፣ መቅጃው ራሱ እምቢ ይለኝ ነበር። ለኮምፒውተሩ ግን በፈረንጅ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ማለት የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። የቆየውን እለፍ አልኩት፣ አለፈው። ታዛዥ ነው።

ካርዱ ላይ ስብሰባው ተቀድቶበታል፣ ኮምፒውተሩም ላይ እሱው ተገልብጦበታል። የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ሞከርኩ። የመለሰልኝ ጭብጨባ ነው። ዳዊት አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እንዳታጠፊ ብዬሽ ነበር እኮ አለኝ ብቻ።

ምን ነበር ሁለት ቀን ብታገስ? ስብሰባውን በስልክ ብቀዳው ማን ይሞታል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19።

ኢክራም ደወለች። አላነሳሁም። ደግማ ደወለች፣ ቅጂውን ያላመጣሁት ኔትወርክ እምቢ ብሎኝ ነው አልኳት። እዚህ አገር ይህን ውሸት የሚጠረጥር የለም። አይዞሽ፣ አትቸኩይ አለችኝ። እኔን። ያ ረቢ።

ሰፈራቸውን ሸሽቼ በሌላ በር ዞሬ ወደ ቤት ገባሁ። አፍራለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22። ከአስር ሶላት በኋላ።

ሄድኩ። በሩ ላይ ሆኜ ነገርኳት፣ ከገባሁ አልናገረውም ብዬ ፈርቼ። የዓመተ ምህረቱን ነገር ላስረዳት ጀመርኩ፣ በእጇ አስቆመችኝ። ጠፍቷል ነው የምትይኝ? ጠፍቷል፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት አልኳት። ከዚያ፣ አንቺ ግን እዚያው ነበርሽ አይደል፣ ሰምተሻል፣ ነይ ግቢና ንገሪኝ አለችኝ።

አባቷ ፊት አስቀመጠችኝ። ተናገርኩ። ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል አልኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ከዚያ ማር ይገባበታል አልኩ። ግራ እጃቸው ተነሳች። አይደለም። እሬት ነው፣ ተባይ እንዳይበላው፣ አልኩ። እጃቸው ወረደች። ኢክራም ትጽፋለች። እሬቱ የሚገባው ሲፈላ ነው ወይስ ከወረደ በኋላ? አላውቅም። ሁለቱንም ጠየቅናቸው፣ በእጃቸው መለሱ። እንዲህ እየተንፏቀቅን ወደ ማኅተሙ ደረስን። ላባቸው መጣ፣ ግን ተዉኝ አላሉም።

መጨረሻ ላይ ኢክራም ስለ እናቷ ጠየቀችኝ። አባቴ ከመታመሙ በፊት፣ ለዚያች ልጅ ስለ እናትሽ እያወራሁላት ሳቅሁ ብሎኛል፣ ምን ብሎሽ ነው አለች። ያን ቀን አስታውሳለሁ። ሳቃቸውን አስታውሳለሁ። ሲስቁ ድምፁ በመቅጃው መለኪያ ላይ ቀዩን አልፎ ስለነበር፣ ልቀንሰው ማስተካከያውን እያዞርኩ ነበር። መቅጃው ይዞታል፣ ቤት ሄጄ እሰማዋለሁ ብዬ። ቤት ሄጄም አልሰማሁትም።

አንድ ጥሩ ነገር ፈጥሬ ልነግራት እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። አው ሙኽታር አፌን አፌን ያያሉ፣ ግራ እጃቸውን ከጭናቸው ትንሽ አንስተው።

አልሰማሁም አልኳት። አጠገባቸው ተቀምጬ አልሰማኋቸውም።

ሰኞም እሄዳለሁ። የቀረው ቆዳው ነው። ስለ ሚስታቸው ግን እሳቸው ራሳቸው እስኪናገሩ ድረስ እጠብቃለሁ።