ክዳን ያለው ቤዝ

ቀበና፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሔራን፣

ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ፤ ተቀምጠሽ ከሆነ ደግሞ ተነሺ፤ እንዲህ ያለ ዜና በአክብሮት ነው የሚሰማው። ከሕሩይ የሬሳ ሣጥን ሥራ ቤት ለመላው የቀበና ነዋሪ፣ በተለይም አርባ ምንጭ ሄዳ ለምታኮርፍ አንዲት የልጅ ልጅ የተሰጠ መግለጫ፦ ባለፈው ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ድመታችን በባለ ክሩ ቤዝሽ ሆድ ውስጥ ሦስት ልጆች በሰላም ተገላግላለች። እናትም ልጆችም ደኅና ናቸው። የአባትየው ማንነት በመጣራት ላይ ነው።

«ድመት መቼ ነበረን?» ትይኛለሽ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የመጣችው። አጥር ዘላ ገባችና ምድጃው አጠገብ ያለችውን ያንቺን ዱካ ያዘች፤ እናትሽም አላባረረቻትም። አሁን ደግሞ ልጆቿ ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ የቤዙን ክር መነካካት ጀምረዋል። ጠዋት ጠዋት ዱም፣ ዱም፣ ቋ ይላል። የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ተክለጻድቅ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣

«አቶ ሕሩይ፣ ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ድመቷ ናት።»

«ድመት እንዲህ ትላለች?»

«የዘፋኝ ቤት ድመት ናት እኮ።»

ጽሕፈቴ ከተንጋደደብሽ ይቅር በይኝ፤ የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች በፋሻ ተጠቅልለዋል። መዶሻ ነው። በሰማንያ አንድ ዓመቱ ጣቱን የሚመታ ምን ዓይነት አናጢ ነው እንዳትዪ። ስልክ ያልደወልኩት ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ስለ ሙዚቃ ባንዳችሁ ገና አፌን ስከፍት «አባባ፣ ኔትወርክ የለም» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። የአርባ ምንጭ ኔትወርክ የሚጠፋው የጊታረኛችሁን የቢራቱን ስም ሲሰማ ብቻ ከሆነ ለሚመለከተው ክፍል አመልክቺ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ብትቦጫጭቂው እንኳ መጀመሪያ ታነቢዋለሽ፤ አውቅሻለሁ።

ነገሩ ከየት እንደጀመረ ላንሳልሽ፤ ለራሴም ላስታውስ። የዛሬ ሦስት ዓመት ከቢራቱና ከሰላሙ ጋር ሥራ ቤቴ መጣችሁ። ሰላሙ የከበሮ መምቻውን ካልሲው ውስጥ ሽጦ፣ ቢራቱ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ፣ ፀጉሩን እንደ አውራ ዶሮ ግንባሩ ላይ አቁሞ። አንቺ በስልክሽ የሰው ቁመት የሚያክል፣ ቆመው በጥፊ የሚመቱት ትልቅ ቤዝ አሳየሽኝና «አባባ፣ ይህን ሥራልኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጥ አጣን» አልሽኝ። የሚዘፈነው ምን እንደሚባል ስጠይቅ ቢራቱ «ሳይኮቢሊ» አለኝ። በሽታ መስሎኝ «በምን ይተላለፋል?» አልኩት።

«የድሮ ሮክ ነው አባባ፤ ብቻ ፈጠን፣ ቆጣ ይላል። ስለ ጅብ፣ ስለ ሬሳ፣ ስለ መቃብር እየቀለድን ነው የምንዘፍነው።»

«ስለ ሬሳ መቀለድ አርባ ዓመት ሙሉ የእኔ ሥራ ነበር፤ አንድም ሰው አላጨበጨበልኝም።»

ያን ቀን ባንዱን «የእንጦጦ ጅቦች» ብላችሁ ሰየማችሁት፤ እኔም ዝግባ ገዝቼ ሥራ ጀመርኩ። ሁለት ወር ፈጀብኝ። ጨርሼ፣ ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ ወደ ኋላ ብዬ አየሁት። እጄ ለካ እኔን ሳያማክር የለመደውን ሠርቷል። ትከሻው ጋ ሰፋ፣ እግሩ ጋ ጠበብ አድርጎታል፤ ከጀርባው ደግሞ ክዳን በማጠፊያ ገጥሞለታል። አንገትና አራት ክር ያለው የሬሳ ሣጥን። ታለቅሻለሽ ብዬ ስጠብቅ ቢራቱ ተንበርክኮ አቀፈው። በውጭ አገር የዚህ ሙዚቃ ሰዎች ሆን ብለው እንዲህ አድርገው እንደሚያሠሩት የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። አንቺ ክሩን በጥፊ ስትመቺው ክዳኑ ቋ አለ። አፍሬ ልቸነክረው ምስማር ሳነሳ እጄን ያዝሽኝ።

«አባባ፣ እንዳትነካው። ይሄ ድምፅ ሌላ ማንም ጋ የለም።»

ከዚያ በኋላ ያየነው ብዙ ነው። ክር ጠፍቶ በሞተር ብስክሌት የፍሬን ገመድ ስትጫወቺ ጣቶችሽ ደሙ። መገናኛ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ባለቤቱ መብራት አጠፋባችሁ፤ ሰላሙና አንቺ በጨለማ ቀጠላችሁ፤ ሰውየው ራሱ ሻማ ይዞ መጣ። አንድ ሠርግ ላይ ተጠርታችሁ የሙሽራው እናት ቤዙን ስታይ ራሷን ሳተች። የመጀመሪያውን አልበማችሁን እኔ ሥራ ቤት ነው የቀዳችሁት፤ ድምፅ እንዳይወጣ ሣጥኖቼን ዙሪያውን ደርድራችሁ። ታዲያ አንድ ሐዘንተኛ ሣጥን ሊመርጥ ገብቶ አንዱን ቢከፍት ቢራቱን ተኝቶበት አገኘው። ቢራቱ ቀና ብሎ «እንደምን አደሩ» ያለው ጨዋ ስለሆነ ነው፤ ሰውየው ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። አልበሙን ኢንተርኔት ላይ ለቃችሁት በሦስት ወር ሁለት መቶ ጊዜ ተሰማ። መቶውን የሰማሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ የጥቅምቱ ቅዳሜ መጣ። ይህን በደንብ አንብቢው።

እንጦጦ ላይ ልትጫወቱ ነበር። እኔ ጉንፋን ጥሎኝ አራት ቀን ከደጅ አልወጣሁም፤ ጉንፋኑም ወደ አንቺ ተላልፎ ዓይንሽ ቀልቶ ያለቅስ ነበር። የሚኒባሱ ረዳት «ሬሳ አንጭንም» ስላላችሁ ቤዙን እስከ ድልድዩ በትከሻ ልትወስዱት ተስማማችሁ፤ እዚያ ጭነት መኪና ይጠብቃችኋል። ሰማዩ ያለ ወቅቱ ያካፋ ስለነበር እንጨቱ እንዳይረጥብ ጋቢዬን አለበስሽው። እንግዲህ አስቢው። ሽማግሌው ሣጥን ሠሪ አራት ቀን ሳይታይ ይቆያል። ከዚያ ጥቁር የለበሱ ወጣቶች የሽማግሌውን ጋቢ የለበሰ ሣጥን ተሸክመው ከበሩ ይወጣሉ፤ የልጅ ልጁም ዓይኗን እየጠረገች ትከተላለች። ቀበና ምን ይበል?

እናንተ ሳታውቁት መኪናችሁን ይዛችሁ ወጣችሁ። ከኋላችሁ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፤ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ብዙም ሳይቆይ ድንኳን ተተከለ። እናትሽ ከመገናኛ፣ ከሥራ ቦታዋ፣ አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየጮኸች ደረሰች። እኔን ደግሞ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ንፍሮ ስቆረጥም አገኘችኝ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። አንዱ ጎረቤት ሁሉንም በስልኩ ቀርጾ ኖሯል። ቢራቱ በማግስቱ የእናንተን ዘፈን ከላይ ጨምሮ ለቀቀው። የሁለት መቶውን ባንድ በሁለት ቀን አርባ ሺህ ሰው አየው። አጥፋው አልሽው።

«ሔራን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀንም። ገና አሁን እኮ ነው ስማችን የተጠራው።»

«የእናቴ ለቅሶ ያንተ ማስታወቂያ አይደለም» አልሽውና ቤዙን ግድግዳዬ ላይ አስደግፈሽው ወጣሽ። በሳምንቱ የአርባ ምንጩን ሥራ ተቀበልሽ። የሐይቁን ውሃ ከፍታ ትለኪያለሽ አሉኝ። ውሃውስ ይለካል፤ ያንቺን ኩርፊያ የሚለካ ዘንግ ግን አልተሠራም።

ስትሄጂ ለእናትሽ «ይህን ውርደት ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ» ስትያት በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። አፌን አልከፈትኩም። ሰባት ወር ሙሉ አልከፈትኩም። አሁን ልክፈተው።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የእኔ ነው። ጡሩምባ ነፊው ስሜን ሲጠራ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። ተነሥቼ በመስኮት አየሁ፤ ድንኳኑ ሲተከልም እያየሁ ነበር። ወጥቼ «አለሁ» ለማለት አሥር እርምጃ ይበቃኝ ነበር፤ አልወጣሁም። ስንቱን ሰው በሠራሁት ሣጥን ሸኝቼ፣ ስለ ስንቱ ሲነገር ሰምቼ፣ ስለ እኔ የሚባለውን ሳልሰማ መሞት ቆጨኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። አቶ ተክለጻድቅ፣ በአጥር ምክንያት ስድስት ዓመት ያኮረፉኝ ሰውዬ፣ «አንድም ቀን ያጠረ ሣጥን ሠርቶ አያውቅም» ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። አንዲቷ ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ቀልደኛ ነው፤ አሁንም ብቅ እንዳይል እፈራለሁ» አለች። ደስ አለኝ ልጄ፣ አልዋሽሽም። እናትሽን ግን ረሳኋት። ለእሷ ስልክ እንደሚደወል እንኳ አላሰብኩም። ድምፅዋን ከድልድዩ በኩል ስሰማ ነው ሮጬ የወጣሁት፤ ከዚያም የምለው ጠፍቶኝ ቁጭ አልኩና ንፍሮ አነሳሁ።

ባለፈው ሳምንት ለእናትሽ ነገርኳት። ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ልጄ ሰባት ወር ከቤቷ የራቀችው አንተ መጋረጃ ሥር ላዳመጥከው ወሬ ነው?»

«አዎ።»

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ምሳዬን ፊቴ ታስቀምጥና ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። በሦስተኛው ቀን የጎረቤታችን ስልክ ላይ የቀረውን ያን ቪዲዮ አስልካ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ከፈተችው፤ እስከዚያ ቀን አይታው አታውቅም ነበር። እሷ እየጮኸች የምትገባበት ቦታ ላይ ከንፈሯን ነከሰች። የእኔ ጉንጭ በንፍሮ ተወጥሮ የሚታይበት ቦታ ሲደርስ ግን መሳቅ ጀመረች፤ ግድግዳ እስክትይዝ ድረስ ሳቀች። «እንደ ሟች አትበላም» አለችኝ። ከዚያ እንባዋን እየጠረገች «ለልጄ ራስህ ጻፍላት፤ ሁሉንም ጻፍላት» አለች። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ቢራቱንም ሳትሰሚ አትፍረጂበት። ቪዲዮውን አንቺ በሄድሽ ሳምንት አጥፍቶታል፤ ሊነግርሽ ቢደውል አላነሳሽለትም። ጥር ላይ ለእናትሽ ሽማግሌ ላከ። አጎቱ አቶ ኢዶሳ ሁለት ሰዎች አስከትለው ሲገቡ እናትሽ አንቺን ሊጠይቁ የመጡ መሰላት። ገና ወንበር ሳይዙ፣

«ልጄ ሥራ ላይ ናት፤ ለመዳርም አላሰብኩ። ደግሞ ያ ፀጉር እቤቴ አይገባም» አለቻቸው።

እነ አቶ ኢዶሳ ተያይተው ተያይተው «እኛ እንኳን የመጣነው ለይቅርታ ነበር፤ ስለ ቪዲዮው» አሉ። ይቅር አለችው። ፀጉሩን ግን አላለችም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ግንቦት 16፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጦጦ፣ ባሕር ዛፉ መካከል፣ በራሳቸው የቆሙ ትንንሽ ባንዶች ተሰባስበው ይጫወታሉ። የእንጦጦ ጅቦች ተጠርተዋል። ቢራቱ «ሔራን ከሌለች ስማችንን ሰርዙት» ሊላቸው ስልኩን ሲያነሳ የነጠቅሁት እኔ ነኝ። ይህ ካለፈ ባንዱ እንደማይነሳ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰላሙ ከበሮውን ለመሸጥ ሰው እያነጋገረ ነው። እናትሽ ትመጣለች። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ስትጫወቺ አይታሽ አታውቅም። ዝናብ ቢመጣም አትስጊ፤ አቶ ተክለጻድቅ የእድሩን ድንኳን ሊያውሱን ፈቅደዋል። «ያን ቀን በከንቱ ነው የተከልነው፤ አሁን ይካካሳል» አሉ።

ነይ ብዬ አላዝሽም። ሥራሽን ተዪም አላልኩ። ሐይቁ ሁለት ቀን ሳይለካ ቢያድር አይሸሽም፤ ሰኞ ሄደሽ እዚያው ታገኚዋለሽ። የምለምንሽ የእኔን ጥፋት ተሸክመሽ እንዳትኖሪ ነው። ለእኔ አውርጂልኝ፤ ሣጥን መሸከም ለምጃለሁ።

ኑዛዜ ከተጀመረ አይቀር አንድ ነገር ፈጥሬብሻለሁ። ድመቱ ወንድ ነው። ልጆች የሉም። ጠዋት ጠዋት ዱም፣ ዱም፣ ቋ የሚለው እኔ ነኝ። መዶሻም አልመታኝም፤ ጣቶቼን የላጠው ክሩ ነው። ሰላሙ እየመጣ ያስጠናኛል፤ በአንድ ወር ግማሽ ዘፈን ችያለሁ። ቤዙ በቁመት ስለሚበልጠኝ የቢራ ሣጥን ላይ ነው የምቆመው። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦታሽ ባዶ ከሆነ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የምወጣው እኔ ነኝ፤ ቢራቱም ተስማምቷል። ቀበና አንድ ጊዜ አልቅሶልኛል፤ ሁለተኛ አታስለቅሺው።

የቤዝሽ ተጠባባቂ፣
አያትሽ ሕሩይ