አባትሽ ለጅቡቲው ሰው የሰጠው መልስ

ልጄ ፈውዚያ፣ አላህ ዐፊያሽን ያብዛልኝ፣ ከክፉ ሰው ይጠብቅሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። መካነ ሰላም ዝናቡ አላባራም፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው፣ የአባትሽም ወገብ እንደዚያው ነው። እኔንም ክረምቱ አድክሞኛል።

ግን ደስ ያለኝን ልንገርሽ። ጅቡቲ ጭነት የሚያመላልስ ድርጅት ለእኛ ንዳ፣ እጥፍ እንከፍልሃለን ብሎ ለአባትሽ ሰው ላከለት። እኔማ ይሄዳል ብዬ ልብሱን ሁሉ አጥቤ ነበር። እሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «መንገድ ላይ ሳለሁ ሰው ቢሞትብኝ መኪናውን ማን ይረከበኛል?»

«ጋሼ ይማም፣ ጭነት ሳይራገፍማ ለቅሶ የለም» አለና ሳቀ ሰውየው።

«እንግዲያው ሌላ ሾፌር ፈልግ» አለው አባትሽ።

እምቢ ያለው ለምን መሰለሽ? ያኔ አያትሽ ሲያጣጥሩ እሱ ስንዴ ጭኖ ደጎሎ ነበር። ይሄነው የሚባለው የአሁኑ መሥሪያ ቤቱ የስምሪት ኃላፊ ሌላ ሾፌር ይዞ በሚኒባስ ደረሰና «ይማሜ፣ ጭነቱን ለእኔ ተወው፣ አንተ እናትህ ዘንድ ድረስ» አለው። ለቀብሩ የደረሰው በዚያ ነው። ይሄነው ኋላም መጥቶ ሦስት ቀን አብሮን ተቀመጠ፤ ክርስቲያንነቱን የረሳ ይመስል ዱዓው ላይ ከሁላችን ቀድሞ አሚን ይል ነበር።

የማስቸግርሽ አንድ ነገር ነው። በምትሠሪበት ቤት ሐዘን ቢደርስብሽ እንዲህ «ሂጂ» የሚልሽ ሰው ካለ ስሙን ጻፊልኝ፣ ዱዓ ላድርግለት። ከሌለም ዝም በይኝ፣ ይገባኛል። አላህ በሕይወት ያገናኘን።

እናትሽ ዘሊካ